የኦቦ ኢተፋ በጎችና የሆራው ጭቃ

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጀመሪያ ላይ ከጫንጮ ወደ ሱሉልታ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ፊት ተመለከተና፣ «ከዚህ ወዲያ ድንጋይ ተደርድሯል፤ እግር ያለው በእግሩ ይሂድ» ብሎ ሁላችንንም አራግፎን ወደ መጣበት ተመለሰ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳለው የገበሬ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። ሰው ግን ሬዲዮውን ሰምቶ አላረፈም፤ መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል፣ ኔትወርኩም እንደዚያው። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ካርታ ላይ በጣቴ ሳሳየው የኖርኩትን አገር በእግሬ ልለካው ስነሳ ትንሽ አፈርኩ፤ መቶ እርምጃ ሳልሄድ ጫማዬ ጭቃ ይዞ ከበደኝ።

አውራ ጎዳናውን ትቼ በግጦሹ መካከል በምታቋርጠው ቀጭን መንገድ ስሄድ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ትልቅ እናት በግ ትከሻቸው ላይ ተሸክመው በዝግታ ሲራመዱ አየሁ። ቀረብ ብዬ ሳይ ኦቦ ኢተፋ ናቸው።

ኦቦ ኢተፋን በእኛ ሰፈር የማያውቃቸው የለም። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ንግግራቸውም እንደዚያው። የሚታወቁት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሆራው ነው። ሆራ ማለት ከመሬት የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው፤ በግም ከብትም ይወደዋል፣ ያፋፋዋልም ይባላል። የሰፈራችንን ሆራ ቆፍረው ያወጡት የኦቦ ኢተፋ አባት ስለነበሩ፣ እስከ ዛሬ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሰፈሩ በግ ሁሉ ሲወርድ ቀኑን የሚጠሩትና ተራ የሚያስይዙት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው በግ ማለባቸው ነው። በእኛ አገር ላም ይታለባል፣ በግ ይታረዳል። ከስድስት ዓመት በፊት አዋሲ ከሚባለው ባለ ወተት ዝርያ የተዳቀሉ ጥቂት ሴት በጎች ለገበሬው ሲከፋፈሉ፣ ሌላው ሁሉ አሳድጎ ለበዓል ሸጣቸው። ኦቦ ኢተፋና ባለቤታቸው ወይዘሮ ቦሰና ግን ማለብ ጀመሩ። ሰፈሩ ሳቀባቸው፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ሃያ ሦስት የሚታለቡ በጎች አሏቸው፣ የቦሰናም አይብ ቡራዩ ድረስ በስሟ ይጠየቃል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ኢተፋ?» አልኳቸው።

«ነገያ፣ ዋቃ ይመስገን። አንተ መምህር፣ በእግርህ? መኪናውስ?»

«መንገድ ተዘግቷል። አንቱስ ይህችን ተሸክመው ወዴት ነው?»

«ወደ ሆራ። እግሯን ይዟታል። ጠዋት ጠዋት ጭቃው ውስጥ አቆማታለሁ፤ ጭቃው ሙቀቱን ይስብላታል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።»

«የታመመችው እሷ ብቻ ናት?»

በጓን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና፣ «ዘጠኝ ናቸው» አሉ። «ዘጠኙም ያነክሳሉ። ግማሾቹ ቆመው መጋጥ አቅቷቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው ነው የሚግጡት። ወተታቸው ቀንሷል። ትከሻቸውን በብረት ተኮስኩ፣ አልሆነም። እንግዲህ ቅዳሜ ነጋዴ ይመጣል፤ ጤነኛውንም በሽተኛውንም ለእንቁጣጣሽ አስረክበዋለሁ። ሜዳውንም ደላላው ሲለምነኝ ከርሟል። በግ የሌለበት ሜዳ ምን ያደርግልኛል?»

ይህን ሲሉ ደነገጥኩ። ያ ሜዳ ከአውራ ጎዳናው ወዲህ ሳይታጠር የቀረ የመጨረሻው ግጦሽ ነው። ባለፈው ዓመት ሙሉ ልጆቻችን መንገድ ላይ የወጡት፣ እናቶች ያለቀሱት ስለዚህ ዓይነቱ መሬት አልነበረም እንዴ? አሁን ማንም ሳይነካው፣ በበግ እግር ምክንያት ሊሄድ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ፣ መምህር» አሉኝ። «ሰበታ ያለው የእህቴ ባል መሬቱን ከሰጠ በኋላ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጤፍ ሲዘራበት በነበረው ቦታ ላይ የተሠራ መጋዘን አለ፤ የዚያ መጋዘን ዘበኛ ነው። ካፖርት ሰጥተውታል። እኔ እንዲያ መሆን አልፈልግም። ነገር ግን የሚያነክስ መንጋ ይዤ የሰፈር መሳቂያ መሆንም አልፈልግም። አንድ ጊዜ ስቀውብኛል፣ ይበቃኛል።»

እንዲህ እየተነጋገርን ሆራው ጋ ደረስን። ዙሪያውን ኮቴ አቡክቶት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚያሰምጥ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። እዚያ ዳር ቦት ጫማ ያጠለቀች ወጣት ጎንበስ ብላ ጭቃውን በእንጨት ስትመረምር አገኘናት። የጎረቤታችን የቦሩ ልጅ ድንቅቱ ናት። አራተኛ ክፍል ሳለች አዋሽን ወደ ሱዳን ያስፈሰሰች ተማሪዬ ነበረች። ያም ሆኖ ሆለታ ገብታ የእንስሳት ጤና ተምራ ተመለሰች፤ ዛሬ የሰፈራችንን ከብት የምታክም እሷ ናት።

«እንደምን አደሩ፣ ኦቦ ኢተፋ። ጋሼ መምህር፣ እንደምን አደሩ» አለችና በጓን አየች። «ኦቦ ኢተፋ፣ እባክዎ እዚያ ውስጥ አያቁሟት። መጀመሪያ እንነጋገር።»

«ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ከአንቺ ጋር አምና ተነጋግረናል» አሉ ሽማግሌው። «ተነጋግረን ስናበቃ በጌ አሥር ቀን እግሯ ሲደማ ከረመ። ኮቴዋን እንደ ካሮት ነው የላጥሽው።»

ልጅቷ ትበሳጫለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «እውነት ነው፤ ተሳስቻለሁ» አለች። «ከትምህርት እንደወጣሁ ነበር፣ የሞተውን የኮቴ ሽፋን ሁሉ ካልቆረጥኩ የሚድን አልመሰለኝም። አብዝቼ ቆረጥኩና ሥጋውን ነካሁት። ያቺ በግ የተሠቃየችው በእኔ ጥፋት ነው። ከዚያ ወዲህ የቆሰለ ኮቴ አልቆርጥም፤ መጀመሪያ አድነዋለሁ፣ ከዚያ የረዘመውን ጫፍ ብቻ አስተካክላለሁ። ይቅርታ ሳልጠይቅዎ አንድ ዓመት አለፈ፤ ያም ሌላ ጥፋት ነው።»

የተማረ ሰው ተሳስቻለሁ ሲል የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ራሴንም ጨምሬ። ኦቦ ኢተፋም በጓን ከጭቃው ወዲህ ደረቅ ሣር ላይ አወረዷት።

«እሺ፣ ተናገሪ» አሏት።

ድንቅቱ የበጓን የፊት እግር አነሳችና በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለውን ፈልቀቅ አድርጋ አሳየቻቸው። ቆዳው ነጥቶ ረጥቧል፣ የኮቴው ሽፋን ከሥጋው ተላቋል። «አሁን ያሽትቱት» አለቻቸው።

«ምን?»

«ያሽትቱት፣ ኦቦ። እኔ ከምናገር አፍንጫዎ ይንገርዎ።»

ኦቦ ኢተፋ ሰባ አራት ዓመት ሲኖሩ የበግ እግር አሽትተው አያውቁም። እኔን አዩኝ፣ እኔ ወደ ተራራው ዞርኩ። ጎንበስ አሉና ወዲያው ቀና አሉ።

«ይገማል» አሉ።

«ይገማል። ስብራት አይገማም፣ ብርድ አይገማም፣ የሰው ዓይንም አይገማም። የሚገማው የበሰበሰ ነገር ነው። ይህ የኮቴ መበስበስ ይባላል፤ ከበግ ወደ በግ ይተላለፋል። ትከሻዋን ተኩሰዋታል፤ በሽታው ግን ትከሻዋ ላይ አይደለም፣ እዚህ ጣቶቿ መካከል ነው። የተኮሱት ሌላ ቁስል ነው የጨመረባት።»

«ከበግ ወደ በግ እንዴት ይሄዳል? እግር ለእግር አይተሻሹም።»

«በጭቃ ነው የሚሄደው። የታመመችው በግ እዚህ ትቆማለች፣ ጀርሙን ትታ ትሄዳለች። ቀጥላ ጤነኛዋ ትመጣለች፤ ቆዳዋ በውሃ ርሶ ለስልሷል፣ ጀርሙ ይገባባታል። በየአሥራ አምስት ቀኑ የሰፈሩ በግ ሁሉ እዚህች ጭቃ ላይ ይገናኛል። አንቱ ደግሞ ይድናሉ ብለው የታመሙትን አስቀድመው ያቆማሉ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ይህን ሆራ ያወጡት አባቴ ናቸው። ሃምሳ ዓመት በግ ጠጥቶበታል። አሁን አንቺ መጥተሽ የአባቴ ውሃ መርዝ ነው ትያለሽ?»

«ለኪ፣ አላልኩም፣ ኦቦ። ውሃው መልካም ነው፤ ጭቃውን ነው የምለው። ደግሞ አባትዎ አልተሳሳቱም። ልጠይቅዎ፣ በአባትዎ ጊዜ ሜዳው እስከ የት ነበር?»

«እስከ ወንዙ። ወዲያም እስከ ባሕር ዛፉ።»

«በጉስ?»

«በጉማ ጥቂት ነው። ተበትኖ ነበር የሚውለው። ሆራ ከወረደ በኋላ ተራው እስኪመለስ ድረስ እዚህ አካባቢ ዝር አይልም።»

«ዛሬስ?»

ኦቦ ኢተፋ ዙሪያውን ተመለከቱ። በስተ ግራ የብሎኬት አጥር፣ በስተ ቀኝ የቆርቆሮ አጥር፣ ከፊት ደግሞ ጅምር ፎቅ። የአምስት ሰፈር በግ ተገፍቶ ተገፍቶ በአንድ ሜዳና በአንድ ጭቃ ላይ ተከማችቷል። መልሱን ቆመውበት ነበር።

«ያን ጊዜ የታመመ በግ ብቻውን ቆሞ፣ ብቻውን ድኖ ሊሆን ይችላል» አለች ድንቅቱ። «ጀርሙ ከእግር ከተለየ ጭቃ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። ስለዚህ የምለምንዎ ሆራውን ለዘላለም ይዝጉ ብዬ አይደለም። አንድ ተራ ብቻ ይለፍ። በዚያ መካከል የታመሙትን ለይተን እናክማለን፣ ጭቃውም ከበሽታው ይጸዳል።»

«መንገዱን ወጣቶቹ ዘጉት» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «ሆራውን ደግሞ እኔ ልዝጋ? ሰው ምን ይለኛል? አባቱ የከፈተውን ልጁ ዘጋ አይሉም?»

እዚህ ላይ ነገሩ የበግ እግር ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሰውየው የቆሙት በአባታቸው ስም ላይ ነው። ስማቸውን ከነካህባቸው መድኃኒቱን ከወርቅ ብትሠራው አይቀበሉህም። ድንቅቱም ይህን ያወቀች መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኦቦ ኢተፋ፣ አባትዎ በግ ያልቡ ነበር?» አለቻቸው።

«አባቴ? ቢሞቱ አያደርጉትም።»

«አንቱ ለምን አደረጉት?»

«ዝርያው ወተት ነበረዋ። ወተት ያለው ጡት እያየሁ ልተወው? ቦሰና ደግሞ እንሞክረው አለች።»

«ሰው ሁሉ ሲስቅ አንቱ አለቡ። አባትዎን ናቁ ያለ ግን የለም። ዛሬ አምስት ቤት በግ ያልባል፤ ሁሉም ከአንቱ ነው ያየው። እኔ ሆለታ ስማር፣ የአገሬ ሽማግሌ በግ ያልባል ብዬ ስናገር እኮራ ነበር። ያን ማድረግ የቻለ ሰው አንድ ተራ ሆራ ማሳለፍ እንዴት ያቅተዋል?»

ኦቦ ኢተፋ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። ልባቸው እንደተነካ አየሁ፣ ነገር ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«እንዲህ እናድርግ» አሉ በመጨረሻ። «ዘጠኝ ያነክሳሉ። አምስቱን ውሰጂ፣ ከሁሉ የባሱትን እኔ እመርጥልሻለሁ። አራቱን እኔ በአባቴ መንገድ እይዛለሁ። ሆራውም በቀኑ ይወርዳል። ነጋዴውን አሥራ አምስት ቀን አቆየዋለሁ። ያን ጊዜ የማን እንደሚሄድ እናያለን።»

«እስማማለሁ። ግን ደረቅ ቦታ እፈልጋለሁ። በዚህ ዝናብ መሬት ላይ ካደሩ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነው።»

አፌ ቀደመኝና «የእኔ ሰርቪስ ቤት ሲሚንቶ ነው» አልኩ። ግቢዬ ውስጥ ለኪራይ የሠራኋት ክፍል ነበረችኝ። ከወላይታ የመጡ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩባት ነበር፤ ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም ወደ አገራቸው ሄዱና ባዶዋን ቀረች። ወለሏን ራሴ ቆሜ ያስለሰንኩት ስለሆነ እንግዳ ሁሉ ሲመጣ አሳየው ነበር። ባለቤቴ አምስት በግ ገብቶባት ስታይ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

በማግስቱ ድንቅቱ መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት ካስመጣችው መድኃኒት የቀራትን ይዛ መጣች። ዚንክ የሚባለውን ነጭ ዱቄት በልኩ በውሃ በጥብጣ ረዥም ገንዳ ውስጥ ጨመረች፤ በጎቹ አንድ በአንድ እግራቸውን ነክረው ቆዩ፣ ከዚያ ሲሚንቶው ላይ እስኪደርቅ ድረስ አቆመቻቸው። እያንዳንዷንም መርፌ ወጋቻት። ወይዘሮ ቦሰና ልታልብ መጥታ ነበር።

«ይህን ወተት አንጠቀምበትም፣ እማማ ቦሰና» አለቻት ድንቅቱ። «የመርፌው መድኃኒት ከወተቱ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ይደፋል። ለሰውም ለአይብም አይሆንም።»

ኦቦ ኢተፋ ከበሩ ላይ ሆነው፣ «ወተት መሬት ላይ ሊደፋ?» አሉ። «እንኳን ልናደርገው ስንሰማውም ነውር ነው። ማን ያውቃል? ከሌላው ጋር ይቀላቀል።»

«እኔ አውቃለሁ» አለች ወይዘሮ ቦሰና። እሷ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም። «አይቤን የሚበሉት ሰዎች እኔን አምነው ነው የሚበሉት። በግ ሳልብ የሳቁብኝ ሴቶች ዛሬ ለበዓል አይብ ከእኔ ይወስዳሉ። አንድ ቀን ልጃቸው ቢታመም ምን እላቸዋለሁ? ይደፋ።» አልባ ጨረሰችና ወተቱን ወስዳ ከአጥሩ ሥር በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ አፈሰሰችው። ሰባት ቀን ሙሉ እንዲሁ አደረገች። ኦቦ ኢተፋ ያን ጊዜ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

አሥራ አምስቱ ቀን እንዴት እንዳለፈ በሰፊው አልናገርም። በዚያ መካከል መንገዱ ሦስት ጊዜ ተዘጋ፣ አንድ ቀን ተኩስ ሰምተን በራችንን ዘግተን ዋልን። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት የበጎቹን በጠጥ ከሲሚንቶው ላይ እጠርግ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለአንድ ነገር እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም። በስምንተኛው ቀን፣ ተሸክመዋት ያገኘኋት ያቺ ትልቅ በግ አራቱንም እግሯን እኩል ረግጣ ሳያት፣ ልጄ ፈተና ያለፈ ያህል ደስ አለኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ከአምስቱ አራቱ ቀጥ ብለው እየሄዱ ከግቢዬ ወጡ። አምስተኛዋ አሮጊቷ ያው ታነክሳለች።

«ይህችኛዋስ?» አሉ ኦቦ ኢተፋ ቶሎ ብለው።

«አልዳነችም» አለች ድንቅቱ። «ሁሉም ይድናል ብዬ አልዋሽዎትም። አንዳንዷ በሽታውን ተሸክማ ትቀራለች፣ ሌላውንም ታስይዛለች። እንዲህ ያለችዋን ማሰናበት ነው። አሁን የአንቱን እንይ።»

ወደ ቤታቸው ሄድን። ከአራቱ አንዷ ሻል ብሏታል። ሁለቱ ጭራሽ መነሳት አቅቷቸው ተኝተዋል፣ አንዷም እንደነበረች ናት። የከፋው ግን እሱ አልነበረም። ወደ ሆራ ጤነኛ ሆነው ከወረዱት በጎች ሦስቱ ማነከስ ጀምረዋል።

ድንቅቱ ምንም አልተናገረች። ይህ ከሁሉም ነገሯ የወደድኩላት ነው፤ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተምር ነበር። ኦቦ ኢተፋ በጎቹን ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፣ ከዚያ ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

በሦስተኛው ቀን እቤቴ መጡና ወንበር ሳልሰጣቸው ቆመው እንዲህ አሉ፦

«መምህር፣ የሦስቱን በግ እግር ያሳመምኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው ወደ በሽታ የነዳኋቸው። የጎረቤቶቼንም በግ ስንቱን እንዳስያዝኩ ዋቃ ነው የሚያውቀው፤ ቀን እየጠራሁ፣ ተራ እያስያዝኩ። አባቴ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?»

«አንቱ ምን ይመስልዎታል?»

«ሆራውን የቆፈሩት በጉ እንዲፋፋ ነው እንጂ እንዲያነክስ አይደለም። እሳቸው ቢሆኑ ድንጋይ ያነጥፉበት ነበር።»

«እንግዲያስ ድንቅቱን እንጥራት።»

«ጠርቻታለሁ። ከቦሰና ጋር ሆና የቀሩትን እግር እየነከረች ነው። ሰርቪስ ቤትህን ግን እንደገና ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ሰማች። አሥር በግ ይገባባታል አለች፤ እኔ ደግሞ ገና ብዙ የምትናገር መስሎኝ ነበር።

ደላላው በቀጠረው ቀን ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ መጣ። ኦቦ ኢተፋ ሜዳው ዳር ቆመው ተቀበሉት። «አባባ፣ እንግዲህ በጎቹም ታመውብዎታል ሲሉ ሰማሁ» አላቸው። «እየዳኑ ነው» አሉት። «ሜዳው ሥራ ላይ ነው። ስመለስ አገኘዋለሁ ብለህ ጫማህን አታበላሽ።» ሰውየው ሌላም ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ዞር ብለው በጎቻቸውን ማየት ጀመሩ። ነጋዴውም የወሰደው ሁለት ሙክትና ያቺን አሮጊት በግ ብቻ ነው፤ እሷን ለእርድ ካልሆነ አልሰጥም ብለው።

የዚያ ወር የሆራ ተራ ታለፈ። አንዳንድ ሰው አጉረመረመ። ኦቦ ኢተፋ ግን ከቤት ቤት እየዞሩ፣ ለወጣቱም ለሽማግሌውም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጭቃው ነው ያስያዘን» እያሉ ራሳቸው ተናገሩ። እንዲህ ያለውን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? መንገድ ላይ ድንጋይ ሲደረድሩ የነበሩት ወጣቶች ሳይቀሩ መጥተው በሆራው ዙሪያ ድንጋይ አነጠፉ፣ ውሃው የሚፈስበትንም ቦይ ቆፈሩ። ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ቀና የሚለውን ሕዝብ ሳይ፣ በዚህ ሰፈር ስለኖርኩ ኮራሁ፤ ኩራቴንም ከማንም አልደበቅሁም።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ምን አተረፋችሁ ብትለኝ እነግርሃለሁ። የቦሰና በጎች በመስከረም ወተታቸው ተመልሷል፤ ቆመው የሚግጡ በጎች ጠግበው ይገባሉ፣ የጠገበች እናትም ለግልገሏም ለባለቤቷም ትተርፋለች። የታመመችው ገና አንድ እርምጃ ስታነክስ ስለምትለይ መድኃኒቱ ለጥቂቶች ብቻ ይወጣል፣ የሚደፋውም ወተት ያንሳል። የበጎቹ ማደሪያ በየቀኑ ይጠረጋል፣ ከሥሩ ደረቅ ገለባ ይነጠፋል። አዲስ የተገዛ በግ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይና ኮቴው ሳይታይ ከመንጋ አይቀላቀልም። የሚተኩስ ብረት ያነሳ ሰው የለም። ሜዳውም እንደ ሜዳ አለ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ከአንዲት ወጣት ተምረዋል፣ ወጣቷም ለመማር የሚያስችል ክብር ሰጥታቸዋለች። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ይህን የምጽፈው ስለ አንድ የብሎኬት አጥር ይሆን ነበር።

ሆራው እንደገና የተከፈተው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ሰዉም በጉን ነድቶ ከየአቅጣጫው መጣ። ቤቱ የሆራው አውጪ ቤት ስለሆነ ቀድሞ የሚጠጣው የኦቦ ኢተፋ መንጋ ነው። ከፊት የምትመራቸው ደግሞ የሚመኩባት ነጭ በግ ናት፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ግልገል የምትወልድ፣ ከሁሉ ብዙ የምታልብ። የተነጠፈው ድንጋይ ጋ ስትደርስ የኋላ እግሯን ለአፍታ አነሳችና መልሳ ረገጠች። ብዙው ሰው አላየም። እኔ አየሁ፣ ድንቅቱም አየችና ኦቦ ኢተፋን ተመለከተች።

ኦቦ ኢተፋ ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ለቦሩ ሰጡ። በሕዝብ ፊት በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ የበጓን እግር አነሱ፣ ጣቶቿን ፈልቅቀው አፍንጫቸውን አቀረቡ። ከሳቁባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እዚያ ነበሩ።

«ይገማል» አሉ ጮክ ብለው። «የእኔዋ ናት። ትመለስ።»

በገዛ እጃቸው አዞሯትና ከመንጋው አወጧት። ከዚያ የቀሩትን በጎቻቸውንም ወደ ዳር አስወጡና፣ «ሌሎቻችሁ አስቀድሙ። የእኔ ሁሉም እግሩ ታይቶ በመጨረሻ ይጠጣል» አሉ።

ቀጥሎ ቦሩ ከዘራውን አስቀምጦ የራሱን በግ እግር አነሳ። ከጎኑ ያለው አነሳ። ወዲያው ሜዳው ሙሉ ጎንበስ አለ፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ጂንስ የታጠቁ ወጣቶች፣ ነጠላቸውን ያሸረጡ ሴቶች፣ ሁሉም የበግ ኮቴ ይዘው ያሸታሉ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ ያሳያል። ድንቅቱ ወዲህ ወዲያ እየተጠራች መልስ መስጠት አቃታት። እኔም አቅሜን አውቄ፣ ጥርጥር ያለበትን ለመቁጠር ከሆራው መግቢያ ላይ ቆምኩ።

የዚያን ቀን አሥራ አራት በግ ሆራ ሳይገባ ተመለሰ። ውሃቸውን ኦቦ ኢተፋ ከወጣቶቹ ጋር ሆነው በጄሪካን እየቀዱ ከቤት ቤት አደረሱላቸው።